በሟቹ ኮት የገባሁበት አውድማ

ትናንት ለጾሙ ብለሽ ሰሊጥ ስታበጥሪ፣ ቤዛዬ፣ በሰፌዱ ጠርዝ ሽቅብ ስትሮጥ የነበረችን አንዲት ጥቁር ተባይ በአውራ ጣትሽ ደፈጠጥሽና «ኤጭ! ምን አባቱ ይገማል ይኼ!» ብለሽ እጅሽን በቀሚስሽ ጠረግሽ። እኔ መደቡ ላይ እንደተቀመጥሁ ብቻዬን ስስቅ ጊዜ ደግሞ «እማማ ምን ሆኑ?» አልሽኝ። የሳቅሁት በዚያ ሽታ ነው። የቆመጠጠ ጠላና የከረመ የኑግ ዘይት አንድ ላይ የተደፋበት የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ፤ ለሌላው ሰው ግማት ነው፣ ለእኔ ግን ከሽቶ ይበልጥብኛል። ከመንደሬ ሊያስወጡኝ፣ ጎጆዬን ሊለኩሱብኝ አንድ ቀን ሲቀራቸው ያዳነኝ እሱ ነውና። በይ ከጠየቅሽኝ ከሥሩ ልንገርሽ፤ አንችም እንደምነግርሽ አርገሽ ጻፊው፣ አታሳምሪው።

ጊዜው ደርግ ከሄደ ጥቂት ክረምት ያለፈበት ነው፤ እናትሽ የወተት ጥርሷን የምትጥል ልጅ ነበረች። የምንኖረው እዚህ ገንዳ ውሃ ከተማ አልነበረም። ከዚህ በእግር ግማሽ ቀን ወደ ውስጥ የሚያስገባ፣ ሠላሳ የማይሞላ የሣር ጎጆ ያለበት፣ ሁላችንም ከደጋ ወርደን የሰፈርንበት መንደር ነበር። ጥቅምት ሲገባ ያ አገር ምን እንደሚመስል አሁን ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል፤ ዝናቡ በቃኝ ብሎ ሲሄድ ጥቁሩ ዋልካ መሬት ተሰነጣጥቆ የልጅ እግር ይውጣል፣ ሙቀቱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም እንደ ምድጃ ይመጣል፣ ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ የደረቀ ቅጠልና የሰሊጥ አቧራ አፍንጫሽን ሞልቶ ቀኑን ሙሉ ሲያስነጥስሽ ይውላል። ያን ሙቀት ስንረግም ኖረን፣ ዛሬ የሚናፍቀኝ እሱ ሆነ እንጂ።

ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይምሰልሽ፣ ቂመኛ እህል ነው። ጥቂት ቀን ከዘገየሽበት ፍሬውን መሬት ላይ አራግፎ ባዶ አገዳውን ያስረክብሻል። ስለዚህ ገና አረንጓዴው ሳይለቀው ይታጨድና በነዶ በነዶ ታስሮ፣ አናቱን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል። ይህን የቆመ ክምር አገሬው ሂላ ይለዋል። ከሩቅ ስታይው ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌዎች ክብ ሠርተው የሚመካከሩ ይመስላል። ፀሐዩ ሲያደርቀው የፍሬው ቤት አፉን ይከፍታል፤ ያኔ ሸራ ይነጠፍና ነዶው ተዘቅዝቆ በዱላ መታ መታ ሲደረግ ፍሬው ሻ ብሎ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ከዚያ ድምፅ የሚጥም ዘፈን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ታዲያ ያን ድምፅ በቅርብ የሚሰማው ወንድ ብቻ ነበር። ሴት አውድማ ከረገጠች በረከቱ ይሸሻል ይባላል። እኛ ከሩቅ ምግብ አድርሰን፣ እንስራውን አስቀምጠን፣ ዞረን እንመለሳለን። ወንዶቹም ቢሆኑ እንደ ቤተ ክርስቲያን ነበር የሚገቡበት፤ ጫማ አውልቀው፣ ሳያፏጩ፣ ስንት ጆንያ ሆነ ብለው ሳይጠያየቁ። በፍሬው ክምር አናት ላይ የማረሻ ብረት ያስቀምጣሉ፣ ሰላቢ እንዳይነካው። ሰላቢ የሚሉት ቤቱ ተቀምጦ በድግምት የሰውን እህል ከጎተራው፣ የሰውን ቅቤ ከቅሉ ወደ ራሱ የሚያስኮበልል ሰው ነው። ጆንያሽ እንደሞላ ቆሞ ያድራል፣ ውስጡ ግን ተወስዷል።

ከሁሉም ከሁሉም የሚፈራው የሂላው ሥር ነበር። ነዶው ሲነሳ ቆሞበት የነበረውን መሬት ማየት ክልክል ነው። ፊትሽን ታዞሪያለሽ፣ ነዶውን አፈፍ ታደርጊያለሽ፣ ትሄጃለሽ። ወደ ታች ያየ ሰው ወይ ዓይኑ ይጠፋል፣ ወይ እህሉን ይሰለባል። ይህን ማን እንዳለው የሚያውቅ አልነበረም። እኔም ብሆን ማነው ያለው ብየ ጠይቄ አላውቅም፤ ሞት ይርሳኝና እንዲያውም ለእናትሽ በተራዬ የነገርኋት እኔ ነኝ።

አያትሽን በዚያ ክረምት ወባ ወሰደብኝ፣ ነፍሱን ይማርና። ሰሊጡን ዘርቶት ነበር፤ ሳያየው ሄደ። የተረፉኝ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ በሪሁንና ሚስቱ ጠጅቱ። ጠጅቱን ጎረቤት ብቻ ማለት ያንሳታል። ከደጋ ስንወርድ በአንድ አህያ ጭነን፣ በአንድ ጨርቅ ሥር እያደርን ነው የመጣነው። እኔ በወባ ስወድቅ እናትሽን ከራሷ ልጅ ጋር ግራና ቀኝ አድርጋ ያጠባቻት እሷ ናት። እኔ ዝምተኛ ነኝ፣ እሷ ግን ስትስቅ ከመንደሩ ማዶ ይሰማ ነበር፤ ባሏ «ቀስ በይ፣ ከብቱን አስደነበርሽው» ይላታል፣ እሷ ይብስባታል።

ያን ዓመት ሳሉጎቹ፣ ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች ነው ሳሉግ የምንለው፣ አጭደው አቆሙልንና ለማራገፉ ሳይቆዩ ወደ ትልልቆቹ እርሻዎች ሄደው ቀሩ። የመንደሩ ሂላ ሁሉ ደርቆ እጅ ሲጠብቅ ከረመ። በሪሁን «እናኑ፣ የራሴን ላንሳና ያንችን በሁለት ቀን አራግፍልሻለሁ» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ የሱም ብዙ ስለነበር ሲለው ሲለው ቀኑ ሄደ። እኔ ደግሞ የቆመውን ሰሊጥ ከብት እንዳያፈርሰው ማሳው ላይ ዳስ ጥዬ፣ እናትሽን ይዤ፣ ዶሮዎቼንም በቅርጫት ተሸክሜ ከዚያው ከረምሁ። ሰባት ሴትና አንድ ኩሩ አውራ ናቸው፤ መንደር ብተዋቸው ሸለምጥማጥ ይጨርሳቸዋል ብየ ነው ያመጣኋቸው። መጥተው ደግሞ ማሽላ ብበትንላቸው ዞረው አያዩትም፤ ከንጋት እስከ ምሽት የሂላው ሥር ገብተው ሲጭሩ ይውላሉ፣ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ ይመጣሉ። ሰሊጤን ጨረሱት ብየ በድንጋይ ሳባርር ስንት ቀን ለፋሁ። ዝቅ ብየ ምን እንደሚለቅሙ ለማየት ግን አልደፈርሁም፤ ክልክል ነዋ።

ፍሬው መርገፍ ሲጀምር በሪሁንን መጠበቅ አልቻልሁም። ማራገፍ አለብኝ፣ ወንድ ደግሞ አይደለሁም። ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ፣ እንዳትስቂ። የአያትሽን ኮት አወጣሁ፤ ከጎንደር ገበያ የገዛው ቡናማ ሰልባጅ ነው፣ እጅጌው ገና እሱን እሱን ይሸታል። ሱሪውንም ለበስሁና ወገቤ ላይ በገመድ አሰርሁት። አውድማው ወንድ መጣ ብሎ እንዲያስብ እንጂ ሌላ ምን አሰብሁ? እንዲያውም ልገባ ስል እንደሱ ሁለት ጊዜ ሳልሁ። እናትሽ አየችኝና መጀመሪያ በሳቅ ተንከባለለች፤ ቆይታ ደግሞ ኮቱን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስሁ። አልቅሰን ስናበቃ አማተብሁና ገባሁ፤ እየፈራሁ፣ ፊቴን እያዞርሁ፣ ነዶ እያነሳሁ እየዘቀዘቅሁ፣ በሦስት ቀን ጨረስሁት። የመጀመሪያው ነዶ ሻ ሲል እጄ ላይ የወረደው ፍሬ ሞቃት ነበር። ሰማይ አልተደረመሰም። ገርሞኝ ቀና ብየ አየሁት እኮ።

ሰሊጣችንን የሚገዛን ነጋዴ መኪናውን ይዞ ሲመጣ ሚዛኑ በመንደሩ መሃል ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተሰቀለ። የበሪሁን ጆንያዎች እስከ አፋቸው ጢም ብለው ሞልተዋል፤ ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ግን ብረቱ አልንቀሳቀስም አለ። ነጋዴው እፍኝ ዘግኖ አኘከና ተፋው።

«ይኼ ሰሊጥ ነው ወይስ ገለባ? ደግሞ ይመራል!» አለ።

የሌላውም፣ የሌላውም እንደዚያው ሆነ። በሬ ሊገዛበት የነበረው በሪሁን ራሱን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በመጨረሻ የኔ ጆንያዎች መጡ። ሁለት ሸካሚዎች አንዱን ሲያነሱ ተንገዳገዱ፣ ሚዛኑም ጓ ብሎ ወረደ። ነጋዴው ፈገግ አለ። ከሱ በቀር የሳቀ አልነበረም። ከኋላ አንድ ድምፅ «እናኑ አውድማ ገብታለች እኮ» አለ። ሌላው ተቀበለና «በሱሪ» አለ። የሁሉም ዓይን እስከ ቤቴ ተከተለኝ።

በማግስቱ ውሃ ስወርድ ሴቶቹ የቀዱትን ይዘው ተነሱ። የቅቤ ቅላቸውን ከግድግዳ አውርደው ጨርቅ አለበሱት፤ እኔ በደጅ ሳልፍ ሕፃን የያዘች ሁሉ ነጠላዋን ትስባለች። እናትሽን ልጆቹ «የሰላቢ ልጅ፣ አትንኪን» ብለው ከጨዋታ አስወጧት። ጠጅቱ ዘንድ ሄድሁ። በሩን ገርበብ አድርጋ ዓይኗን መሬት መሬት እያየች «እናኑዬ፣ ልጆቹ ተኝተዋል» አለችኝ። ከኋላዋ ልጆቿ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ከሰማሁት ስድብ ሁሉ የከፋው ያ ነበር።

ወዲያው አዋቂ አስመጡ። በበቅሎ፣ ጥላ ይዞ፣ ጣቱ ሁሉ ቀለበት ሆኖ መጣና ገብስማ ዶሮ ይቅረብልኝ አለ። ዶሮዋ ተገዝታ ከዛፉ ሥር ታሰረች። እሱ ራሱን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ካዛጋ፣ ከተንቀጠቀጠና ካጓራ በኋላ «ይታየኛል» አለ፣ «ሴት ናት፣ ወንድ መስላለች፣ የሞተ ሰው ልብስ ለብሳ አውድማ ገብታለች።» ሰው ሁሉ እጁን አፉ ላይ ጫነ። እኔም ክው አልሁ። ከበሪሁን ቤት ምሳ ሲበላ ይህን ሁሉ ነግረውት እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው፤ መንፈሱ የነገረው መስሎን፣ ለካ ወጡን እያጎረሱ የነገሩት ናቸው። ፍርዱንም ሰጠ። በሦስት ቀን ውስጥ ልጄን ይዤ እንድወጣ፣ ከወጣሁ በኋላ ጎጆዬ እንዲቃጠል፣ አለዚያ የከርሞው ሰሊጥም ይሰለባል።

ይህን ለኔ እንዲነግሩ የተላኩት የመንደሩ ሽማግሌ አባ ሞላ ነበሩ፤ ዓይናቸው ሊጠፋ ጥቂት የቀረው፣ በዘንግ የሚሄዱ ደግ ሰው። ደጄ ቆመው ነገሩኝና ሳይሄዱ ቆዩ።

«ወዴት ትሄጃለሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቄ፣ አባ» አልኋቸው።

ደጋ ማን አለኝ? የነበረኝ መሬት ይኸው ነው፣ የባሌም መቃብር እዚሁ ነው።

አሁን የምነግርሽን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አባ ሞላ እንደሄዱ ቁጭ ብየ ሳስብ ራሴን ጠረጠርሁ። ሳላውቀው ሰላቢ ሆኜ ይሆን? ያ ሁሉ ሰው እንዴት ይሳሳታል? ብየ ብየ ተነሳሁና ቤቴን መበርበር ጀመርሁ። ድስቱን ከፈትሁ፣ ጋኑን አየሁ፣ አልጋ ሥር ጎነበስሁ፤ የበሪሁንን ሰሊጥ ፍለጋ! ከወሰድሁት አንድ ቦታ መኖር አለበት አይደል? የራሴ ሰሊጥ ያው ከማሳዬ የወጣው ነው፣ አልጨመረም። የመንደሩ ሁሉ ዘይት ወደኔ ቢመጣ ቤቴ አይችለውም፣ እስከ ወንዝ ይፈስ ነበር። እኔ ደግሞ ሰሊጤ እስኪሸጥ ድረስ የኩራዝ ማብሪያ እንኳ ቸግሮኝ ነበር። ባዶ ገንቦ አቅፌ እንደጎነበስሁ ንዴት መጣብኝ። ፍርሃቴ የሄደው ያኔ ነው፤ ብሄድም ሰላቢ ሆኜ አልሄድም አልሁ።

በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ዳሴን ላፈርስ፣ ማታ ማታ እየሄድሁ ዳሱ ውስጥ የምዘጋባቸውን ዶሮዎቼን ልሰበስብ ማሳ ወረድሁ። ከሜዳዬ የሉም። የኔ ሂላ ስለተነሳ ድንበሩን ተሻግረው በሪሁን ገና ያላራገፈው የመጨረሻው ሂላ ሥር አንገታቸውን ቀብረዋል። አበስኩ ገበርኩ! ይባስ ብሎ ሰሊጡን በዶሮ አስበላች ሊሉኝ ነው ብየ እየሮጥሁ ስደርስ አውራው ደንግጦ ሲዘል ነዶው ተንገዳገደ። አንዱን ልይዝ እጄን ስዘረጋ ሌላው ወደቀ፣ እኔም ቁልቁል አየሁ። ፊቴን ላዞር ብየ ተውሁት፤ እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ምን ይመጣብኛል?

መሬቱ ይንቀሳቀስ ነበር። ጥቁር ሆኖ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየወጣ፣ ወደ ስንጥቁ እየገባ እየወጣ፣ ይኸው ትናንት ያየሻት ተባይ ምንጣፍ ሆና! አንዱን ነዶ ባነሳ እንደዚያው፣ ሌላውን ባነሳ እንደዚያው። አንዷን በጣቴ ደፈጠጥኋት። ያ ሽታ ወጣ፤ ጣቴ ላይ ደግሞ ዘይት ወዛ። የሰሊጥ ዘይት! ከነዶው ጥቂት ፍሬ አራግፌ አኘክሁ፤ ቅርፊት ብቻ፣ መራራ። ተባዮቹ ፍሬውን እንደ ጡት ጠብተው ባዶውን ትተውታል። ሂላው በቆየ ቁጥር እነሱ ይበዛሉ፣ ይጠባሉ፤ ወንዶቹ ፊታቸውን እያዞሩ ነዶ ያነሳሉ፣ ሴቶቹ ከሩቅ ይመለሳሉ፣ የሚያይ የለም። በየዓመቱ አንዱ ሲጎድልበት ሰላቢ ይባላል። የኔን ግን ዶሮዎቼ ከሥር ከሥሩ ለቅመውልኛል፣ እኔም ቶሎ አራግፌዋለሁ። ያባረርኋቸውን ዶሮዎች እያየሁ መሬት ላይ ተዘርፍጬ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ያየኝ ቢኖር ኖሮ በቃ ለየላት ይለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ ከቁርቁራው ሥር ተሰበሰበ፤ እኔን ለማስወጣት። አዋቂው ከፍ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እኔ ጓዜን አልያዝሁም። አንድ ጣሳ ውሃ፣ ለቤት ካስቀረሁት ሰሊጥ እፍኝና ዶሮዎቼን በቅርጫት ይዤ ቀረብሁ።

«ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ» አልሁ፣ «የበሪሁን ሂላ በሁላችሁም ፊት ይነሳና ሥሩ ይታይ።»

ጉድ ፈላ። ወንዱ አጉረመረመ፣ ሴቱ አማተበ። አዋቂው እጁን ዘርግቶ «ያን ሥር ያየ ዓይኑ ይጠፋል!» ብሎ ጮኸ። ያኔ አባ ሞላ በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሱ።

«እንግዲያው እኔ ልይ» አሉ፣ «የኔስ እንደሁ ሄዷል። የሚጠፋ ከተገኘ ይጥፋ።»

አንድ ሰው ፈንድቶ ሳቀና አፉን ያዘ። ሽማግሌው ግን ቀልድ አልያዙም፤ ክንዴን ይዘው «ምሪኝ» አሉኝ። ሄድን። መንደሩ በሙሉ ከኋላችን ግር ብሎ ተከተለ፣ ከሂላው ሃያ እርምጃ ሲቀረው ቆመ። እኔ ነዶውን አነሳሁ። አባ ሞላ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። ጥቂት ቆዩ፤ ተባዩ በእጃቸው ሽቅብ እስከ ክርናቸው ይወጣል። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«ኑ! ኑ እዩ! አገኘሁት! ይኼ ሰላቢ እግር አለው እኮ! ኧረ ስድስት እግር!» አሉ።

መጀመሪያ የመጣው በሪሁን ነው። ወደ ታች አየ፤ ዓይኑ አልጠፋም። ሁለተኛውን ነዶ ራሱ አነሳ፣ ሦስተኛውን ወርውሮ ጣለው። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ተጋፍቶ ገባ፣ ሴቶቹም ጭምር፣ አውድማ መሆኑን የረሱት ያኔ ነው። እኔ ያመጣሁትን የራሴን ሰሊጥ ጣሳው ውሃ ላይ በተንሁ፤ ሰጠመ። ከበሪሁን ነዶ አራግፌ በተንሁ፤ እንደ ገለባ ተንሳፈፈ።

አዋቂው ግን የዋዛ ሰው አልነበረም። ከኋላ መጥቶ «ታዲያ! ተባዩን የላከችባችሁ እሷው ናት!» አለ። ፊቶች ሁሉ ወደኔ ዞሩ። እንደገና ሊያምኑት እንደሆነ ታየኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን ነው የተናገርሁት።

«ከላክሁትስ እሺ፣ የኔ ጌታ፣ እርስዎ በመንፈስዎ ይመልሱት። እርስዎ ካልቻሉ እኔ በዶሮ እመልሰዋለሁ።»

ብየ ቅርጫቱን ከፈትሁት። ሰባቱም ከነአውራቸው የሠርግ ጥሪ እንደሰማ ሰው ገቡበት። ተባዩ እየሸሸ እነሱ እየተከተሉ፣ አውራው እየጠራ፣ ግራ ቀኝ ሲለቅሙ አንዷ ሴት «ሰላቢውን ዶሮ በላው!» አለች። ሳቁ እንዴት እንደተነሳ ልነግርሽ አልችልም፤ ሦስት ቀን ታፍኖ የቆየ ሳቅ ነው የወጣው። አንዱ ሮጦ ሄዶ ለአዋቂው የታሰረችውን ገብስማ ዶሮ ፈትቶ አመጣና ከነዚያ ጋር ለቀቃት፤ እሷም አላሳፈረችም። አዋቂው በበቅሎው ላይ ሆኖ አንድ ሁለት ጊዜ ሊራገም ዞረ፣ የሚሰማው ሲያጣ ጥላውን ዘርግቶ ሄደ። በሪሁን እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝሁት። «ይልቅ ዶሮዎቹን ሳማቸው» አሉት አባ ሞላ።

የከርሞው ጥቅምት እንዴት ያለ ነበር መሰለሽ! የመንደሩ ሰው ወደ ማሳ ሲወርድ ያየ መንገደኛ ገበያ የሚሄድ ነው የሚመስለው፤ ሁሉም ዶሮ በብብቱ፣ ዶሮ በቅርጫቱ፣ ዶሮ በአህያው ላይ። ሂላ የሚቆምበት መሬት አስቀድሞ ተጠረገ፣ ሰሊጡ እንደደረቀ ሳይውል ሳያድር ተራገፈ፣ ሴቶችም ገባን። በቀሚሳችን፣ እያወራን፣ እየዘፈንን፣ እየተሳደብን። ሚዛኑ ላይ የበሪሁን ጆንያ ጓ ብሎ ሲወርድ እልል ያልሁት እኔ ነኝ።

ጠጅቱ ይቅርታ የጠየቀችኝ በዚያው ሳምንት ነበር፤ «አላመንሁበትም ነበር፣ እናኑዬ፣ ፈርቼ ነው። ካንች ጋር ብቆም እኔንም የሚሉኝ መስሎኝ ነው» አለችኝ። ይቅር አልኋት። ግን መቼም ሰው ነኝና ያን የተገረበበ በር ከልቤ ማውጣት አቅቶኝ ብዙ ዓመት ኖርሁ። አብረን እንስቃለን፣ አብረን እንበላለን፤ ያች በአንድ ጨርቅ ሥር አብራኝ ያደረችው ጠጅቱ ግን አልተመለሰችልኝም። ያ ዘመን የወሰደብኝ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ኋላ ግን፣ እናትሽ ስታገባ ግድም ነው፣ ከወሎ የመጣች አንዲት ብቸኛ ሴት መንደራችን ገባች። የአንዱ ቤት ላም ወተቷ ሲነጥፍ ሹክሹክታ ተጀመረ፤ «ያች ወሎየዋ ትሰልባለች» ተባለ። ሰው ተሰበሰበ። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ልቆምላት እየሮጥሁ ስደርስ፣ ቀድማኝ በሴትየዋ በር ላይ ሁለት እጇን መቃኑ ላይ ዘርግታ የቆመች አለች። ጠጅቱ ናት! ሊጥ ያቦካችበት እጇን እንኳ አልታጠበችም።

«እሷን ከማስወጣታችሁ በፊት መጀመሪያ እኔን አውጡ! ላሚቱንም ወደ ከብት ሐኪሙ ንዷት፣ ጡቷን ታማ ነው!» ትላለች፣ ድምፅዋ ከመንደሩ ማዶ ይሰማል።

ሄጄ ከጎኗ ቆምሁ። ዞር ብላ አየችኝና አንድ እጇን ከመቃኑ አነሳችልኝ፤ እኔም የኔን ዘረጋሁበት። ላሚቱም ጡቷን ታማ ነበር፤ ታክማ ዳነች።

ዛሬ ጠጅቱም የለች፣ አባ ሞላም የሉ፣ በሪሁንም የለ። ያ መንደርም የለም፤ ማሳዎቻችን ተገጣጥመው ትራክተር የሚያርሰው አንድ ትልቅ እርሻ ሆነዋል፤ ባለፈው ወንድምሽ ሲወስደኝ ጎጆዬ የነበረበትን ቦታ ፈልጌ አጣሁት። ቁርቁራው ብቻ ብቻውን ቆሟል። ከዚያ ስቆም ጆሮዬን የጠጅቱ ሳቅ ይመጣ ይመስል ወደ ማዶ አዞርሁት፤ ሞተር ነው የሚሰማው። ሁላችንም ከዚያ ወጥተናል፣ ከፊሉ ወደ ከተማ፣ ከፊሉ ወደ አፈር። ሰላቢ ተብሎ፣ ጣሪያው ተቃጥሎበት የወጣ ግን አንድም ሰው የለም።